ከጋትዌች ጋር የመረጥናቸው ተጫዋቾች

ባለፈው ሳምንት የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ቶንፒንግ ሄጄ ዝናብ ያዘኝ። የጁባ የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤ ያገኘሁት በር ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሆቴል ነው። ሻይ አዝዤ ሸሚዜን ሳራግፍ ቀና ብል፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ቤዝቦል ይታያል። ድምፁ ተዘግቷል። አንድ ረጅም ሰው ኮፍያውን ግንባሩ ድረስ ደፍቶ፣ ኳሷን ከጀርባው ደብቆ፣ ዱላ ይዞ ከፊቱ ከቆመው ሰው ጋር ተፋጧል። ምግብ ቤቱ ሙሉ ነው፣ የሚያይ ግን እኔ ብቻ። ወዲያው አንዱ ጎረምሳ "ያላ፣ ኳስ አድርጉልን እንጂ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ። አስተናጋጇ ያገሬ ልጅ ናት፤ አንዴ እንኳ ሳታንገራግር ለወጠችው። "የውድድሩ አጋማሽ እኮ ደርሷል" አልኩ፣ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ። ልጅቷ ሒሳብ የጠየቅኩ መስሏት መጣች። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ ይህ ወር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከእኔ ሌላ አልቀረም፤ የሚከራከረኝ ሰው ባሕር ማዶ ነው።

ያ ሆቴል የቆመበት ቦታ ላይ፣ ወይም ከእሱ ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ ድሮ እኔ የምሠራበት ሆቴል ነበር። ሆቴል ማለት ያው ኮንቴይነር ነው። በመርከብ ዕቃ የመጣበትን ብረት መስኮት ቆርጠውለት፣ ውስጡ አልጋና ማራገቢያ አስገብተው፣ ለእንግዳ በመቶ ዶላር ያከራዩት ነበር። ሰላም መጣ ተብሎ ከየአገሩ ሰው የሚጎርፍበት ጊዜ ነው። መንገዱ ቀይ አፈር፣ መብራቱ ጄኔሬተር፣ ውኃው በቦቴ። አንድ ሳህን ጥብስ አሥር ፓውንድ ነበር፣ ከአየር ማረፊያ ሀይ ጀላባ ሰፈር በቦዳ ሞተር ሁለት ፓውንድ። ዛሬ በሁለት ፓውንድ ምን እንደሚገዛ እግዜር ይወቅ፤ ገንዘቡን በፌስታል ይዘን ነው ገበያ የምንወጣው። እኔ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። በዚያ ሙቀት ነጭ ሸሚዝና ክራባት አስሬ፣ ጫማዬን በቀን ሦስቴ ወልውዬ፣ ከእንጨት ጠረጴዛ ጀርባ እቆማለሁ፤ ከፊቴ ትልቁ የእንግዳ መዝገብ ተዘርግቷል። ፀጉሬም ነበር ያኔ።

ጋትዌች የሆቴሉ ሾፌር ነበር። ኑዌር ነው፣ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ የጎሳው መስመሮች የተጻፉበት። ድምፁን ብቻ ለሰማ ግን ጥርት ያለ የቂርቆስ ልጅ ነው። ልጅነቱን ኢታንግ መጠለያ ጣቢያ፣ ጉርምስናውን አዲስ አበባ አሳልፎ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። አገሩ ሲገባ ዘመዶቹ "ሐበሻው" አሉት፤ እኛ ደግሞ ሐበሻ ባልሆነ ቁመቱ እንስቅበታለን። የሆቴሉን ላንድክሩዘር ሲነዳ የአማርኛ ካሴት ነበር የሚያሰማው፤ ክሩ ሲጠላለፍ ጥግ ይዞ ይቆምና በእርሳስ እያጠነጠነ ይመልሰዋል። ከአየር ማረፊያ የሚያመጣቸው ፈረንጆች የደቡብ ሱዳን ሙዚቃ እየመሰላቸው አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሾጣጣ ጫማ ይወዳል። ዓርብ ዓርብ ባለ ገመድ ቅጠልያ ባርኔጣውን አድርጎ ሲመጣ ወጥ ቤታችን ወይዘሮ አልማዝ "ዛሬ ደግሞ ማን ሊዳር ነው?" ትለዋለች።

ቤዝቦልን ያመጣብን ከዋጃው ነው። እዚህ ነጭ ሁሉ ከዋጃ ነው የሚባለው፤ እሱን ግን "ከዋጃው" ስንል ሌላ ማንም አልነበረም። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ መሐንዲስ፣ አሜሪካዊ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ወሬ የማይወድ። በገዛ ገንዘቡ ጣሪያችን ላይ ዲሽ አሰቅሎ ያገሩን ጨዋታ ያይ ነበር። ጨዋታው እነሱ ዘንድ ማታ ስለሚካሄድ ድጋሚው እኛ ዘንድ በምሳ ሰዓት ይደርሳል። ብቻውን ተቀምጦ ያያል፣ ብቻውን ይበሳጫል፣ ብቻውን ያጨበጭባል። በሐምሌ አንድ ቀን ወደ ሥራ ሳይወጣ ቀረና ሦስታችንን ጠራን፤ እኔን፣ ጋትዌችን፣ አልማዝን። ውድድሩ እኩሌታው ላይ ደርሷል አለ። እቤቱ ሳለ በዚህ ቀን ከወንድሙ ጋር ቁጭ ብለው የእኩሌታውን ምርጦች ይመርጡ ነበር፤ ምርጥ መቺ፣ ምርጥ ወርዋሪ፣ በመጨረሻም ማንም ሳያስበው ብቅ ያለ ተጫዋች። ይህን ሦስተኛውን ጋትዌች "ያልጠበቅነው" ብሎ ሰየመልን። ወንድሙ ሞቷል። ብቻውን መምረጥ አልሆነለትም።

ምርጫውን ጥቂት አዘግይቶልን ለሳምንታት በምሳ ሰዓት አስተማረን። ዱላ የያዘው ኳሷን ይመታል፣ ይሮጣል፣ አራት ማዕዘኑን ዞሮ ከተነሣበት ከደረሰ ነጥብ ነው፤ ይህን ያህል ገባኝ። አልማዝ ግን ከሁሉ ያስደነቃት ምራቃቸው ነው። ሚሊየነር ሆነው በሰው ፊት ይተፋሉ አለች። በምርጫው ቀንም ያልተፋውን መረጠች፤ ከዋጃው ምርጫዋን ሲሰማ ከልቡ ሳቀ። እኔን ሲጠይቀኝ ግን እሱ የመረጠውን መረጥኩ። መቺውንም፣ ወርዋሪውንም፣ ያልጠበቅነውንም። ሰውየው እንግዳ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ የጨዋታው ባለቤት ነው፤ እንዴት አፍ አውጥቼ ተሳስተሃል ልበለው? ይሉኝታ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ከዋጃው እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለና እኔ ያልሰማሁትን አንድ ነገር አጉተመተመ። ጋትዌች ተረጎመልኝ፤ "እሺ የሚለኝ ሰውማ ከፈለግኩ መስታወት አለኝ፣ ነው የሚልህ።" ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረና በእንግሊዝኛ፣ መሪውን ይዞ እንግዳ ሲያመላልስ በለመደው ደረቅ እንግሊዝኛ፣ "ሰር፣ ወርዋሪህ ሰነፍ ነው" አለው። ከዋጃውን እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ምሳው እስኪበርድ ተከራከሩ። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ግራ ቀኝ እያየሁ ለሁለቱም ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዋጃው ጉድጓዱን ጨርሶ ሄደ። ዲሹን ትቶልን ስለሄደ እኔና ጋትዌች በየዓመቱ መምረጡን ቀጠልን። እየቆየን አወቅነው፣ ወደድነውም። የተጫዋቾቹ ስም ለምላሳችን ስለከበደ የራሳችንን አወጣንላቸው፤ ጎባጣው፣ ባለ ሪዙ፣ ሆዳሙ። ጋትዌች በምርጫው ቀን ያንን ቅጠልያ ባርኔጣውን ያደርጋል። እኔ እንደ ልማዴ ትንሽ ከተከራከርኩ በኋላ እሺ እለዋለሁ፣ እሱም አሸነፍኩ ብሎ ቢራ ይጋብዘኛል። ከዚያ ያ የጦርነቱ ግርግር መጣ። ስለሱ ብዙ አልናገርም፤ የኖረበት ያውቀዋል። ሆቴሉ ተዘጋ፣ ኮንቴይነሮቹ ተሸጡ፣ አልማዝ አዲስ አበባ ገባች። ጋትዌች ዳግመኛ ስደተኛ ሆኖ ወደ ጋምቤላ ተሻገረ። እኔ የሆቴሉን መዝገብ በብብቴ ይዤ ሀይ ጀላባ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የስልክ ካርድ። መዝገቡን ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። የሚጥለው ሰው ስለጠፋ ይሆናል።

ከዓመታት በኋላ ጋትዌች ተመልሶ መጣ፤ ዓይኑ ግን አብሮት አልመጣም። ወንዝ ዳር ያለች ዝንብ የምታመጣው በሽታ ነው አሉ። ጀበል ኩጁር ተራራው ሥር የወንድሙ ሚስት ቤት ገባ። ልጆቹ አውስትራሊያ ናቸው፣ ና ይሉታል፣ እሱ እምቢ ይላል። ልጠይቀው ስሄድ ማንጎው ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ አገኘሁት። እጄን ይዞ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰና፣ ስለ ዓይኑ ሳይሆን፣ ስለ ጦርነቱ ሳይሆን፣ "ተሼ፣ ሐምሌ ገባ እኮ። ዘንድሮስ ማን ነው?" አለኝ። ጨዋታውን ካየሁ ስንት ዓመቴ! ሱቄ ውስጥ ቴሌቪዥን የለም፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ተለዋውጠዋል። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ፊቱን ሳየው አፌ እምቢ አለኝ። "አንድ አዲስ ወርዋሪ መጥቷል" አልኩት። "ማን ይባላል?" ሲለኝ ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ስም ብቅ አለልኝ። "ኦላፍ ብሬክ።" ኦላፍ ብሬክ አሥራ አንድ ቁጥር ክፍል ውስጥ ሁለት ሌሊት ያደረ፣ ከብት ሊከትብ የመጣ ሐኪም ነበር።

በዚያው ቀጠለ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሐምሌ በመጣ ቁጥር፣ መዝገቡን ገልጬ እዘጋጅ ነበር። የኬንያው የሒሳብ ሠራተኛ ዋንጃላ ድንቅ መቺ ሆነ፤ ሒሳብ ሳይከፍል ሊወጣ የነበረው ማርቪን ሎው ጉልበቱን ተጎዳ። እንዴት እንደሚወረውሩ፣ እንዴት እንደሚተፉ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሁሉ እነግረዋለሁ። ጋትዌች ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ክርክር ይጀምራል። "ዋንጃላ ዝናብ ሲመጣ ይዳከማል፣ አንተ ደግሞ በስም ብቻ ትሸነፋለህ" ይለኛል። እኔም ትንሽ አንገራግሬ እሺ እለዋለሁ፤ የሱን ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይበልጥ ጎበዝ አደርግለታለሁ። ኃጢአት ነው አልልም፣ ጽድቅም አልነበረም። ለእኔም ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ ሱቄን ከፍቼ ሱቄን ስዘጋ ስሜን ጠርቶ የሚያናግረኝ ሰው እየጠፋ ነበር፤ ጀበል የምወጣባት ያቺ አንዲት ቀን ለዓመቱ ትበቃኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ስሄድ ማንጎው ሥር ሌላ ወንበር ተጨምሯል። ሴት ልጁ ኛማል ከአውስትራሊያ መጥታለች። ጋምቤላ ያደገች፣ አማርኛዋ ያልጠፋባት፣ ጨዋ ልጅ። ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ አመጣችልኝ። ስለ ኦላፍ ብሬክ ሳወራ ቁጭ ብላ አዳመጠች። ስወጣ እስከ ቦዳ ማቆሚያው ልሸኝዎት አለችኝ። ጥቂት እንደሄድን ቆመች።

"ጋሼ ተሾመ፣ አባቴ በስልክ በየዓመቱ እነዚህን ስሞች ይነግረኛል። ፈለግኳቸው። አንዳቸውም የሉም።"

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን አቧራ አራገፍኩ።

"ኦላፍ ብሬክን አገኘሁት። የከብት ሐኪም ነው። ፎቶው አለ፣ ላም አቅፎ። ለወንድሞቼ ነገርኳቸው፤ አባባ አእምሮው እየሄደ ነው፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ከእኛ ርቆ መኖር የለበትም አልን። ወረቀቱን ጨርሼ ልወስደው ነው የመጣሁት። እሱ ገና አያውቅም።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ዛሬ ግን ስሞቹን ሲያወሩ የሰማሁት እርስዎን ነው።"

"ልጄ፣ የአባትሽ አእምሮ ከእኔና ካንቺ ይሻላል" አልኳት።

"እንግዲያው ለሱ ይንገሩት። እኔ ብነግረው አያምነኝም። ለወንድሞቼም ያለማስረጃ ምን እላቸዋለሁ?"

ሦስት ቀን ሱቄን ዘግቼ ተኛሁ። ብናገር ጋትዌች ይጠላኛል፤ ዝም ብል የዋሸሁት እኔ ሆኜ እሱን እንደ እብድ አስረው ይወስዱታል። በየትኛውም ብሄድ ሐምሌዬ ማለቁ ነው። በአራተኛው ቀን ቦዳ ያዝኩ። ባለ ሞተሩ ልጅ "ኢታ ኩዌስ፣ ሐጅ?" አለኝ፣ ፊቴ ደህና አልመሰለውም መሰለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።

ጋትዌች ብቻውን አልነበረም፣ ኛማልም አለች። ቁጭ ሳልል ጀመርኩ።

"ጋትዌች፣ ኦላፍ ብሬክ የሚባል ወርዋሪ የለም።"

"ተሸጠ እንዴ?"

"አልተሸጠም። ድሮም አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ዋንጃላንም፣ ሎውንም። ከሆቴሉ መዝገብ ነው ያወጣኋቸው። ከግርግሩ ወዲህ ጨዋታውን አንድ ቀን አላየሁም።"

ማንጎው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። ጋትዌች ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"ስድስቱንም ዓመት?"

"ስድስቱንም።"

"ስከራከርህስ? ዋንጃላ በዝናብ ይዳከማል ስልህ፣ ተቆጥተህ ስትመልስልኝ?"

"እንድትረታኝ ነበር።"

መዋሸቴን የሚረግም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ብቻዬን ስከራከር ነበር ማለት ነው" አለ። ከስድብ ሁሉ ይህ በለጠብኝ። ኛማል እያለቀሰች ጉልበቱን ያዘችውና ስለ ወንድሞቿ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፈሩት ነገር ሁሉ ነገረችው። አብዷል ተብሎ እንደነበር በዚያች ሰዓት ነው ያወቀው። "አሁን ሁሉም ታወቀ፣ ካልፈለግህ አንሄድም አባባ" አለችው። አይሄድም፣ ይቀራል፣ ቢጠላኝም እዚሁ ሆኖ ይጥላኝ አልኩ በሆዴ።

"እሄዳለሁ" አለ ጋትዌች። "አብጄ አይደለም፣ ፈልጌ ነው። እምቢ የሚለኝ ሰው ያለበት አገር ልሂድ።"

ለመሄጃው አሥራ አምስት ቀን ቀረው። ጀበል ብሄድ እንዳያባርረኝ ፈራሁ። በምን ልካሰው? ገንዘብ አይፈልግም፣ ይቅርታ ብዬዋለሁ። በመጨረሻ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሱቄን እየዘጋሁ ቶንፒንግ መውጣት ጀመርኩ። ዲሽ ያለው ሆቴል ፈልጌ፣ አንድ ሻይ ይዤ፣ ድጋሚውን ማየት ያዝኩ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም፤ እንደ አዲስ ተማርኩ። ከሱቄ ያመጣሁት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ያ የማየው ሁሉ እውነተኛ ሰው ነው፤ ሲሳሳት ይሳሳታል፣ እኔ ላስተካክለው አልችልም። ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነበር፤ በመዝገቤ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይበልጥ ይጫወቱ ነበር። በአሥረኛው ቀን ገደማ ግን አንድ ወርዋሪ አየሁ። ድምቡሽቡሽ ያለ፣ ዕድሜው የሄደ፣ ኳሱም የማይፈጥን፣ ግን መቺዎቹን ሁሉ በብልሃት እያታለለ የሚመልስ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንንም ደስ ላሰኝ ብዬ አይደለም፣ ወደድኩት። የአጋማሹ ምርጥ እሱ ነው አልኩ።

በመሄጃቸው ጠዋት አየር ማረፊያው በር ላይ ጠበቅኳቸው። ሰው፣ ሻንጣ፣ የሚላቀስ ዘመድ፣ የሚጮህ ፖሊስ። ጋትዌች የልጁን ክንድ ይዞ ከመኪና ወረደ፤ አዲስ ኮት አልብሰውታል፣ ያልበዋል። "ተሾመ ነኝ" አልኩት። "ተሾመ" አለ፣ ተሼ አላለኝም። ሰልፉ ውስጥ አብሬያቸው ገባሁ። ሌላ የምለው ስለጠፋኝ ደብተሬን ገልጬ ስለዚያ ወርዋሪ ነገርኩት። ኮቱን እያወለቀ ሰማኝና፣ "ስለሱ ኛማል ከስልኳ አንብባልኛለች" አለ። "ሽማግሌ ነው። ክረምቱን አይጨርስም። የአጋማሹ ምርጥ ያ ወጣት መቺ ነው።"

"አይደለም" አልኩ።

"እንዴት አይደለም?"

"መቺህን አይቼዋለሁ። ደካማ ወርዋሪ ሲመጣለት ነው ጀግና የሚሆነው።"

"ቁጥሩ ይመሰክራል።"

"ቁጥሩን አይደለም፣ ሰውየውን ነው ያየሁት። አሥራ አምስት ቀን ተቀምጬ አየሁ።"

ሰልፉ ይሄዳል፣ እኛም እንሄዳለን። ድምፃችን ከፍ አለ፤ ከፊታችን ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችን። ጋትዌች ጣቱን ወደ ላይ አነሣ፣ እንደ ድሮው፣ እንደዚያ የሆቴሉ ጠረጴዛ ጊዜ። "ተሼ፣ እሺ በል" አለኝ። ልማዴ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ሰውየው እየሄደ ነው፣ ዳግመኛ ላላገኘው እችላለሁ፣ ደስ ብሎት ቢሄድ ምን ነበረበት። "አልልም" አልኩት። "ተሳስተሃል።" ፊቱ በራ። ከሩቅ ላየው የተቆጣ ይመስል ነበር።

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ከዚህ በኋላ መንገደኛ ብቻ ነው ብሎ ደረቴን በእጁ መለሰኝ። ኛማል ዞር ብላ ሐዘንና ፈገግታ ባለበት ፊት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ የምናገረው ነበረኝ፣ ድምፄ ግን በዚያ ሁካታ ውስጥ የሚደርስ አልነበረም። ጋትዌች አልተሰናበተኝም። ጣቱን እንዳነሣ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደነበርኩበት ጎን አዘንብሎ፣ አጠገቡ ያለሁ መስሎት እየተከራከረ ገባ።